ካርዱ እንደማያውቅ አውቃለሁ፦ ታሮትን ከንቱ ላለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ታሮት የሚባሉትን ሥዕላዊ ካርዶች ዘርግቶ ስለ ራስ ጉዳይ ማሰላሰል ለተማረ ሰው የማይገባ ከንቱ ልማድ እንደሆነ የሚከራከር አንድ ረጅም ጽሑፍ ሰሞኑን አንብቤአለሁ። ጽሑፉ በስድብ የተሞላ ቢሆን ኖሮ አልፈው ነበር፤ ነገር ግን ጸሐፊው አንብበዋል፣ አስበዋል፣ ማስረጃም አቅርበዋል፤ ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ሊመለስላቸው ይገባል። ክርክራቸው ሲጠቃለል የሚከተለው ነው፦ የታሮት ታሪክ ሐሰት ነው፤ ተበውዞ የወጣ ካርድ ስለ ማንም ሰው ሕይወት ምንም ሊናገር አይችልም፤ ሰዎች ካርዱ ስለ እነሱ በትክክል እንደተናገረ የሚሰማቸው ለሁሉም በሚስማማ አነጋገር ስለሚታለሉ ነው፤ ካርድ አንባቢዎችም ይህን እያወቁ ይነግዱበታል፤ አንድ ጥቅም ተገኘ ቢባል እንኳ ያንኑ ዝም ብሎ ተቀምጦ በማሰብ ማግኘት ስለሚቻል ካርዱ ትርፍ ነው፤ በመጨረሻም ልማዱ ሰው የራሱን ውሳኔ ለወረቀት አሳልፎ እንዲሰጥ ያደርገዋል።

ከእነዚህ ስድስት ነጥቦች ሁለቱን ያለ ክርክር እቀበላለሁ፤ የመጨረሻውን በከፊል እቀበላለሁ። የቀሩት ሦስቱ ግን በአንድ የተሳሳተ ግምት ላይ የቆሙ ናቸው፤ ግምቱም ታሮት ይጠቅማል የሚል ሰው ሁሉ ካርዱ የተሰወረ ነገር ያውቃል ብሎ ያምናል የሚል ነው። እኔ እንዲህ አላምንም። ካርዱ ቀለም የተቀባ ወረቀት ነው፤ ነገ ስለሚሆነውም፣ ሌላ ሰው በልቡ ስለያዘውም ምንም የሚያውቀው የለም። ማስተዋል የምንለው ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ወሬ በመስማት የሚገኝ አይደለም፤ ለረጅም ጊዜ ስናውቀው የኖርነው ነገር ድንገት በማናየው በኩል ሲገለጥልን የሚመጣ ነው። ክርክሬም ካርዱ ለዚህ መገለጥ ጥሩ መሣሪያ ነው ከማለት አያልፍም።

ከታሪኩ ልጀምር። በዚህ ጉዳይ ጸሐፊው ትክክል ናቸው፤ እንዲያውም ሊሉ ከሚችሉት ያነሰ ነው ያሉት። ታሮት የተወለደው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በሰሜን ጣሊያን ሲሆን፣ የተሠራውም ለካርታ ጨዋታ ነበር። ለሚላኖቹ የቪስኮንቲና የስፎርዛ መሳፍንት የተሣሉት፣ በወርቅ ያጌጡት የእጅ ሥራ ካርዶች ዛሬም በሙዚየሞችና በቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ መሳፍንቱ ግን ካርዶቹን የሚይዙት ለመጫወት ነበር። ታሮት የግብፅ ካህናት የደበቁት የጥበብ መጽሐፍ ነው የሚለው ተረት የመጣው ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1781 አንትዋን ኩር ደ ጀብለን የተባለ ፈረንሳዊ ባሳተመው ጽሑፍ ነው። ይህ ሰው ተረቱን የጻፈው ፈረንሳዊው ሊቅ ሻምፖልዮን በ1822 የግብፅን የሥዕል ጽሕፈት መፍታቱን ከማስታወቁ አርባ አንድ ዓመት ቀድሞ ነው፤ ስለዚህ ምስክር አድርጎ የጠራውን ጽሕፈት እሱም ሆነ በዘመኑ የነበረ ሌላ ሰው ማንበብ አይችልም ነበር። ብዙ ሳይቆይም ኤቴያ በሚል ስም የታወቀው ዣን ባፕቲስት አልየት ለጥንቆላ ተብሎ የተዘጋጀ የታሮት ካርድ ለገበያ አቀረበ።

ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ፣ ጸሐፊው ከዚህ የሚያወጡት መደምደሚያ አይከተልም። የአንድ መሣሪያ የትውልድ ታሪክ በሐሰት መነገሩ መሣሪያው ለምን እንደሚያገለግል አይወስንም። ዛሬ ብዙ ሰው ታሮት ሲባል በዓይነ ኅሊናው የሚመጣለት ካርድ የግብፅም የመካከለኛው ዘመንም አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1909 ለንደን ውስጥ በዊልያም ራይደር አሳታሚ ድርጅት የወጣ ነው። ሐሳቡን የመራው አርተር ኤድዋርድ ዌይት ሲሆን፣ ሥዕሎቹን የሣለችው ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ናት። (የስሟ ምልክት በካርዶቹ ጥግ ላይ ተሥሎ እያለ፣ ካርዱ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲጠራ የኖረው በአሳታሚውና በዌይት ስም ብቻ ነበር፤ እሷም በ1951 በድህነት ሞተች። በታሮት ስም ስለተፈጸመ በደል የሚቆረቆር ሰው ከዚህ ቢጀምር አይሳሳትም።)

የስሚዝን ሥራ ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ የክርክሩ ፍሬ ነገር እዚያ ነውና። አንድ የታሮት ጥቅል 78 ካርዶች አሉት፤ 22ቱ እንደ ሞት፣ ግንብ፣ ባሕታዊና ጅል ያሉ የራሳቸው ስም ያላቸው ታላላቅ ካርዶች ሲሆኑ፣ የቀሩት 56ቱ በዋንጫ፣ በሰይፍ፣ በበትርና በሳንቲም የተከፈሉ ናቸው፤ አብዛኞቹም በቁጥር ይጠራሉ። ከስሚዝ በፊት፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ የዋንጫ አምስት ማለት አምስት ዋንጫ የተሣለበት ካርድ ማለት ብቻ ነበር። እሷ ግን በአብዛኞቹ ቁጥሮች ላይ ሰው አስገባች። በዋንጫ አምስት ጥቁር ካባ የለበሰ ሰው አንገቱን ደፍቶ የፈሰሱ ሦስት ዋንጫዎችን ያያል፤ ከኋላው ያልፈሰሱ ሁለት ዋንጫዎች ቆመዋል፤ እሱ ግን አልዞረም። በሰይፍ ዘጠኝ አንድ ሰው በሌሊት ከአልጋው ላይ ተነሥቶ ተቀምጦ ፊቱን በእጆቹ ሸፍኗል። በሰይፍ ስምንት አንዲት ሴት ዓይኗ ተሸፍኖ፣ ገላዋ በጨርቅ ታስሮ በሰይፎች መካከል ቆማለች፤ ነገር ግን እግሯ አልታሰረም፣ ከፊት ለፊቷም ሰይፍ የለም። እነዚህ ሥዕሎች ምሥጢር አልያዙም። የያዙት ማንም ሰው በሕይወቱ አንድ ቀን የገባበትን ሁኔታ ነው፤ ደግሞም ነገሩን እስከ መጨረሻው አይነግሩንም፤ ሰውየው ለምን እንዳዘነ፣ ሴቲቱን ማን እንዳሰራት ሥዕሉ ዝም ይላል። ዝምታውን የሚሞላው ተመልካቹ ነው። ይህ ሁሉ የአንዲት ሠዓሊ የእጅ ሥራ መሆኑ ለእኔ ጉድለት አይደለም፤ የግብፅ ካህናት ቢጽፉት ኖሮ እንዲህ የሚያገለግለን አይመስለኝም።

የጸሐፊው ሁለተኛ ነጥብ ከሁሉም ጠንካራው ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስለት። ካርዶቹ ተበውዘው በዕጣ ይወጣሉ፤ ስለዚህ ስለ ጠያቂው የያዙት መረጃ ባዶ ነው ይላሉ። ስሌቱን እኔ ላጠናክርላቸው፦ ከ78 ካርዶች ሦስቱን በቅደም ተከተል ማውጣት የሚቻልባቸው መንገዶች 456,456 ናቸው፤ ከእነዚህ አንዱ እንዲወጣ ያደረገው የእጅ አበዋወዝ ነው፤ የእኔ ሥራ ወይም የእኔ ትዳር በዚያ ውስጥ ድርሻ የለውም። እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነን። የምንለያየው ካርዱ ስለ እኔ መረጃ አልያዘም ከሚለው ተነሥተው፣ እንግዲያውስ ለእኔ አይጠቅምም ወደሚለው በአንድ ዝላይ ሲሻገሩ ነው።

የስታቲስቲክስ ባለሙያ ናሙናውን በዕጣ የሚመርጠው ዕጣው ስለ ሕዝቡ የሚያውቀው ነገር ስላለ አይደለም። የራሱ ዝንባሌ በምርጫው ውስጥ እንዳይገባ ስለሚፈራ ነው። በእሱ ሥራ የዕጣው ጥቅም አለማወቁ ላይ ነው። ስለ ራሴ ሳስብም ችግሬ ተመሳሳይ ነው፤ የትኛውን የጉዳዩን ገጽታ እንደምመረምር የምመርጠው እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ የማያሳፍረኝን ገጽታ እመርጣለሁ። ዕጣ የወጣለት ካርድ ይህን ምርጫ ለጥቂት ደቂቃ ከእጄ ይነጥቀዋል። ስለ ገንዘብ ጉዳይ ልጠይቅ ተቀምጬ ባሕታዊው ብቻውን በተራራ ላይ ፋኖስ ይዞ ሲወጣብኝ፣ ብቸኝነት ከዚህ ጉዳይ ጋር ምን ያገናኘዋል ብዬ ለመጠየቅ እገደዳለሁ። ምንም ላያገናኘው ይችላል። ነገር ግን ያለ ካርዱ ጥያቄው ራሱ አይነሣም ነበር።

ዕጣ ለውሳኔ ይጠቅማል የሚለው ሐሳብ ከታሮት ሰፈር ብቻ የመጣ አይደለም። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ስቲቨን ሌቪት፣ በሕይወታቸው ላይ ከባድ ለውጥ ለማድረግ ሲያመነቱ የነበሩ ሰዎች በኢንተርኔት ሳንቲም እንዲያስጥሉ አድርጎ ከ20 ሺህ በላይ ውርወራዎችን መዝግቧል። ሥራ ልልቀቅ ወይስ ልቆይ፣ ከጓደኛዬ ልለያይ ወይስ ልታገሥ የሚሉ ጥያቄዎች ነበሩ። ሳንቲሙ ተለወጡ ያላቸው ሰዎች የመለወጣቸው ዕድል ከፍ አለ፤ ከስድስት ወር በኋላ ሲጠየቁም፣ በከባድ ጉዳዮች ላይ ለውጥ እንዲያደርጉ ሳንቲሙ ያዘዛቸው ሰዎች ባሉበት ጽኑ ከተባሉት ይልቅ ደስተኞች ሆነው ተገኙ። ሳንቲሙ ስለ ማንኛቸውም ኑሮ ምንም አያውቅም ነበር። በእርግጥ እነዚህ ሰዎች በፈቃዳቸው የመጡና አስቀድመው ያመነቱ ስለነበሩ ውጤቱን ለሁሉም ሰው መለጠጥ አይገባም፤ ነገር ግን ካርድ የሚዘረጋውም ያው የሚያመነታ ሰው ነው። በኪነ ጥበብ ዘርፍም ሙዚቀኛው ብራያን ኢኖና ሠዓሊው ፒተር ሽሚት እ.ኤ.አ. በ1975 ከመቶ በላይ ካርዶች አሳትመው ነበር፤ ሥራ ሲቆምባቸው አንዱን በዕጣ አውጥተው ያለውን ለመሞከር። ካርዶቹ ስለ ዘፈኑ ያውቃሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ሦስተኛው ነጥብ የሥነ ልቦና ባለሙያው የበርትራም ፎረር ሙከራ ነው፤ ጸሐፊውም በዚህ ላይ በሰፊው ሄደውበታል። ፎረር እ.ኤ.አ. በ1948 ለ39 ተማሪዎቹ የጠባይ ፈተና ከሰጠ በኋላ፣ ለእያንዳንዱ ለብቻው የተጻፈ መስሎ የቀረበ የጠባይ መግለጫ አደለ። በእርግጥ ግን ለሁሉም የታደለው ቃል በቃል አንድ ነበር፤ አብዛኛውንም የለቀመው ከተራ የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነው። ተማሪዎቹ የመግለጫውን ትክክለኛነት ከ5 ነጥብ ሲመዝኑ አማካዩ 4.26 ሆነ። ለሰዎች መልካም ጎን አለህ፣ ያልተጠቀምክበት ችሎታ አለህ፣ አንዳንዴ ትጠራጠራለህ ቢባል ማን እምቢ ይላል?

ይህ ሙከራ የሚያፈርሰውን ያፈርሳል፤ አንድ እንግዳ ሰው ካርድ ገልጦ የአንተ ጠባይ እንዲህ ነው ሲል ጠያቂው በመገረም ራሱን ቢነቀንቅ፣ ራስ መነቅነቁ የማንንም ዕውቀት አያስረዳም። ነገር ግን ሙከራው የለካው ምን እንደሆነ በጥንቃቄ ይታይ። የፎረር ተማሪ ምንም አልሠራም፤ የተዘጋጀ መግለጫ ተቀበለ፣ ከዚያም ተስማማ። እኔ የምከላከልለት ንባብ መግለጫ የሚሰጥ ሰው የለውም። ጠያቂው ሥዕሉን በራሱ ቃል ይገልጻል፤ ከዚያም ያ ገለጻ ከጉዳዩ ጋር የት እንደሚገጥምና የት እንደማይገጥም ራሱ ይፈልጋል። መለኪያዬም መስማማት ሊሆን አይችልም፤ መስማማት ርካሽ መሆኑን ፎረር አሳይቶናል። የምጠይቀው ከተቀመጥኩበት ስነሣ ስቀመጥ ያልነበረኝን፣ በተለይም ልይዘው የማልፈልገውን ጥያቄ ይዣለሁ ወይ የሚለውን ነው። የሚያስደስተኝን ብቻ ካነበብኩ ፎረር በእኔም ላይ ይሠራል፤ ለዚህ ነው ጥያቄውን ካርዱ ከመበወዙ በፊት በጽሑፍ ማስፈርና ከወር በኋላ ተመልሶ ማየት የሚያስፈልገው።

ከዚህ ጋር ጸሐፊው የሬይ ሃይማንን ታሪክ እንደ መጨረሻ ምት አድርገው አቅርበዋል። ሃይማን በኋላ የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር የሆነ ሰው ነው፤ በወጣትነቱ ግን መዳፍ ያነብ ነበር፤ ሰዎች እጅግ ትክክል ነህ ስለሚሉትም በመዳፍ መሥመር ማመን ጀምሮ ነበር። ስታንሊ ጃክስ የተባለ የዚህ ጥበብ ባለሙያ ግን አንድ ቀን መሥመሮቹ የሚሉትን ትቶ ሆን ብሎ ተቃራኒውን እንዲናገር መከረው። ሃይማን እንደተባለው አደረገ፤ ሰዎቹም እንደ በፊቱ ትክክል ነህ አሉት። ይህን ታሪክ ካርድ የሚይዝ ሁሉ አስቀድሞ ቢያውቀው ደስ ይለኛል። የሚያስተምረው ትርጉም በመሥመሩ ውስጥ ተቀብሮ እንደማይገኝ ነው፤ የታሮት ታሪክ ራሱም ይህንኑ ይመሰክራል። ለምሳሌ ዌይት በ1909ኙ ጥቅል ላይ የፍትሕንና የብርታትን ካርዶች ተራ ቁጥር አለዋውጦ፣ ስምንተኛዋን ፍትሕ አሥራ አንደኛ፣ አሥራ አንደኛዋን ብርታት ስምንተኛ አድርጓል፤ በዚህ ምክንያት ንባብ የተበላሸበት ሰው አልተሰማም። የካርድ ትርጉም በሰዎች የተሰጠ፣ ሊለወጥም የሚችል ስያሜ ነው። ይህን ማመን ጸሐፊው እንዳሰቡት ልማዱን ባዶ አያስቀረውም፤ ሥራው የማን እንደሆነ ይናገራል እንጂ፦ የጠያቂው።

አራተኛውን ነጥብ በአጭሩ ልለፈው። ከጠያቂው አለባበስ፣ ንግግርና የፊት መለዋወጥ እያነበቡ ካርዱ የነገራቸው የሚያስመስሉ፣ ከዚያም ብሶ የሌለ እርግማን አለብህ እያሉ ማንሻ ገንዘብ የሚጠይቁ ሰዎች አሉ። ይህ ሌብነት ነው፤ ለእነሱ የምሰጠው መከላከያ የለኝም።

አምስተኛው ነጥብ ግን፣ ማለትም ዝም ብሎ ተቀምጦ ማሰብ ስለሚበቃ ካርዱ ትርፍ ነው የሚለው፣ ጸሐፊው በአንድ አንቀጽ ያለፉት ሆኖ ሳለ ለእኔ የጉዳዩ ሁሉ መሠረት ነው። ዝም ብሎ ተቀምጦ ማሰብ ምን እንደሚመስል ከልምዴ አውቀዋለሁ። ፍርዱን አስቀድሜ ይዤ እቀመጣለሁ፤ ለፍርዱ ምክንያት እሰበስባለሁ፤ ስነሣ ያው ፍርድ ጠንክሮ አገኘዋለሁ። ለዚህ ምሳሌ የራሴን አንድ ነገር ላንሣ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ባልደረባዬ ጋር የጀመርነው የጋራ ሥራ እየላላ መጣ። ከቀጠሮ ይቀራል፣ ለመልእክት ዘግይቶ ይመልሳል፣ ሐሳብ ስጠው ሲባል ዝም ይላል። ለሳምንታት ሳስብበት ቆይቼ በማስታወሻ ደብተሬ ላይ የጻፍኩት ጥያቄ ይህ ሰው ጥሎኝ እንዳይሄድ ምን ላድርግ የሚል ነበር። የወጣው የሰይፍ ሰባት ነው። በሥዕሉ ላይ አንድ ሰው ከድንኳኖች አጠገብ አምስት ሰይፎችን በስለታቸው በኩል ታቅፎ በእግሩ ጣት እየረገጠ ይሄዳል፤ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሯል፤ ሁለት ሰይፎች መሬት ላይ ተተክለው ቀርተዋል። የመጀመሪያው ምላሼ የተጠበቀ ነው፦ ይኸው፣ ሊከዳኝ ነው። ከዚያ ግን እንደ ልማዴ ሥዕሉን በዝርዝር መጻፍ ጀመርኩ። ሰውየው እየሄደ ነው። የያዘው የሚቆርጥ ነገር ነው፤ የያዘበትም አኳኋን የራሱን እጅ ያቆስላል። ወደ ኋላ የሚያየው ማንም እንዳያየው ነው። እዚህ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ፤ እንዳይታይ ወደ ኋላ እያየ የሚሄደው ባልደረባዬ አልነበረምና። እሱ መዘግየቱንም መቅረቱንም በግልጽ ነበር የሚያደርገው። ለሁለት ወር ያህል ሳልነግረው ሌላ ሥራ ጀምሬ፣ ከሐሳቦቼ ደህና ደህናዎቹን ወደዚያ ሳሸጋግር የነበርኩት እኔ ነኝ። በማግስቱ ነገርኩት። ቀድሞ ያውቅ ነበር።

ካርዱ ያልነገረኝን ነገር ልብ ይሏል፤ ሌላ ሥራ መጀመሬን ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ነገር ግን ያ ዕውቀት ከጥያቄዬ ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ አልተቀመጠም ነበር። ሥዕሉ ያደረገው ስለ እኔ ነገር በሦስተኛ ሰው እንድናገር መፍቀድ ነው፤ ስለ አንድ ሌባ መሳይ ሰው ስጽፍ ራሴን የምከላከልበት ምክንያት አልነበረኝም። ይህ የእኔ ብቻ ገጠመኝ እንዳልሆነ የሚያሳይ ጥናት አለ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኢጎር ግሮስማንና ኢታን ክሮስ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች የፍቅር ጓደኛ ክህደት በጓደኛቸው ላይ ደረሰ ተብለው ሲያስቡ፣ በራሳቸው ላይ ደረሰ ተብለው ከሚያስቡት ይልቅ በጥበብ እንደሚያመዛዝኑ አሳይተዋል፤ የዕውቀታቸውን ወሰን ያስታውሳሉ፣ የሌላውን ወገን አመለካከት ይቆጥራሉ። ተመራማሪዎቹ ለሌላው ጠቢብ ሆኖ በራሱ ቤት ግን በተሳሳተው ንጉሥ ስም የሰሎሞን አያዎ (እርስ በርሱ የሚቃረን የሚመስል እውነት) ብለውታል። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ቀጣዩ ግኝታቸው ነው፦ ሰዎቹ የራሳቸውን ጉዳይ ከውጭ ሆነው፣ እንደ ሌላ ሰው ጉዳይ እንዲያዩት ሲደረግ ልዩነቱ ጠፋ። ተቀምጦ ማሰብ በራሱ ይህን ርቀት አይሰጥም። ካባ የለበሰው ሰውና ዓይኗ የተሸፈነው ሴት ግን ከጠረጴዛው ላይ ሆነው ይሰጣሉ።

ጸሐፊው እዚህ ላይ የሚያነሡትን፣ ሰው በቀለም ጠብታ ውስጥ ምን እንደሚያይ የሚጠየቅበትን የሮርሻክን ፈተና አልዘነጋሁትም። እ.ኤ.አ. በ1921 የወጡት አሥሩ የሮርሻክ ካርዶች ስለ ሰው ጠባይ ምን ያህል አስተማማኝ ፍርድ ያስገኛሉ በሚለው ላይ ባለሙያዎች ለአሥርት ዓመታት ተከራክረዋል፤ ትችቱም ከባድ ነው። ነገር ግን ትችቱ የሚያነጣጥረው መርማሪው ከታካሚው መልስ ተነሥቶ በሚሰጠው ነጥብና ምርመራ ላይ ነው። ለራሴ ካርድ ስዘረጋ ነጥብ የሚሰጥም፣ በሽታ የሚሰይምም የለም። ከካርድ ተነሥቶ ሌላ ሰው እንዲህ ነው ብሎ የሚፈርድ ካለ ትችቱ ሙሉ በሙሉ ይደርሰዋል።

ጥሩ ወዳጅ ከካርድ ይሻላል ብለዋል፤ ይሻላል። ወዳጅ ግን በጉዳዩ ውስጥ የራሱ ፍላጎት ሊኖረው ይችላል፤ ደግሞ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ አይገኝም። የሥነ ልቦና ሐኪም ያስፈልጋል ላሉትም፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ተስፋ የቆረጠ፣ ራሱን ለመጉዳት የሚያስብ ሰው ካርድ ሳይዘረጋ ወደ ሐኪም ይሂድ ከማለት ሌላ የምጨምረው የለም።

የመጨረሻውን ነጥብ በከፊል እቀበላለሁ ያልኩት ጥገኝነት እውነተኛ አደጋ ስለሆነ ነው። ምን ልልበስ ብለው ካርድ የሚያወጡ፣ መልሱ ካላማራቸው ደግመው ደጋግመው የሚበውዙ ሰዎችን አይቻለሁ። አደጋው የሚገባው ግን በጥያቄው ዓይነት በኩል ነው። ያገባኛል ወይ፣ አድን ይሆን ወይ፣ ይወደኛል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ ወረቀት የማያውቀውን ነገር ወረቀትን እየጠየቀ ነው፤ በዚህ ዓይነቱ ሰው ላይ ጸሐፊው ያሉት ሁሉ ልክ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ምን አላየሁም፣ ምን እየሸሸሁ ነው፣ ይህን ውሳኔ ብወስን ምን አጣለሁ ብሎ የሚጠይቅ ግን ውሳኔውን ለማንም አልሰጠም። ደግሞ መበወዝን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር፤ በወጣልኝ ካርድ ቅር ተሰኝቼ ሌላ ለማውጣት እጄን ስዘረጋ፣ ምን እንዲወጣልኝ ፈልጌ እንደነበር አሁን አወቅሁ ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ያን ቀን ንባቡ እዚያው ላይ ያበቃል፤ ሌላ የሚፈለግ ነገር አይቀርም።

ስለ ልማዱ ያለኝን ግምት ከፍ አድርጌ እንዳላቀርብ ደግሞ ይህን ልናገር፦ ብዙ ጊዜ ምንም አይመጣም። ከደብተሬ ገጾች ብዙዎቹ ከቀኑና ከካርዱ ስም በቀር የተጻፈባቸው ነገር የለም። ስለ ሰይፍ ሰባት የተረክሁት ቀን ሌላ ካርድ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ያንኑ ነገር ላየው ወይም ላላየው እችል ነበር፤ ይህን ማረጋገጥ የምችልበት መንገድ የለኝም።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን የዘጉት፣ የታሮት ወዳጆች ምን ዓይነት ማስረጃ ቢቀርብላቸው ሐሳባቸውን እንደሚለውጡ እንዲናገሩ በመጠየቅ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። አንድ ከባድ ጉዳይ ያላቸው ሰዎች በሦስት ቡድን ይከፈሉ፤ አንዱ ቡድን ባዶ ወረቀት ላይ ጉዳዩን ይጻፍ፣ ሁለተኛው በዕጣ የወጣ የታሮት ካርድ ፊቱ ተቀምጦለት ይጻፍ፣ ሦስተኛው በዕጣ የወጣ የማያውቃቸው ሰዎች ፎቶግራፍ ተቀምጦለት ይጻፍ፤ የትኛው ቡድን ጉዳዩን ከተለያየ ወገን እንዳየው ማን ከየትኛው ቡድን እንደሆነ የማያውቁ ሰዎች ይዳኙ። ባዶ ወረቀት የያዙት እኩል ከሆኑ ተሸንፌአለሁ። ፎቶግራፍ የያዙት ከታሮቱ ጋር እኩል ከሆኑ ግን፣ ግምቴም ወደዚያ ያደላል፣ የተሸነፈው የታሮት ልዩ ክብር ብቻ ይሆናል፤ በዕጣ የመጣ የሌላ ሰው ምስል ስለ ራሳችን እንድናስብ ይረዳናል የሚለው ክርክሬ ይቆማል። ያኔ በፎቶግራፎቹ እሠራለሁ፤ ካርዶቹንም መሳፍንቱ ሲጫወቱበት ወደነበረው ወደ ካርታ ጨዋታ እመልሳቸዋለሁ።